ብርዱን ለደቦ ጥሪው

ሚጡዬ፣

የላክሽልኝን የአዲሱን ቤትሽን ፎቶ አየሁት። እንኳን ደስ ያለሽ፤ ቤቱ ያምራል። አክስትሽ ኩሽናውን እያየች ስትደነቅ የእኔ ዓይን ወደ ጓሮው ሄደ፦ ሰፊ ሣር፣ አንድ ትልቅ የኦክ ዛፍ፣ አጥሩ ሥር ደግሞ የቀድሞዎቹ ባለቤቶች ሳይነቅሉት የሄዱት የደረቀ ቲማቲም። ከፎቶው በታች «ጋሼ፣ ኤፕሪል ሲመጣ ምን ልትከል?» ብለሽ ጽፈሻል።

የምመልስልሽ ስለ ኤፕሪል አይደለም። ኅዳር ሚካኤል ካለፈ ገና ሁለት ቀኑ ነው፤ ታንክስጊቪንግ ደጅ ላይ ቆሟል። የኤፕሪሉ ሥራ ያለው አሁን ነው።

ቋንቋችን እዚህ አሜሪካ አገር ያሳስተናል። እኛ ክረምት ስንል ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ፣ ጭቃው፣ በቆሎው ቀና ቀና የሚልበት ጊዜ። እዚህ ክረምት የሚሉት የዚያን ተቃራኒ ስለሆነ ሰው ሁሉ ከኖቬምበር ጀምሮ ጓሮውን ዘግቶ ይገባል። እኔም እንደዚያ አደርግ ነበር። አንድ ዓመት ጎመን በሜይ ተከልኩ። በጁላይ ትል በላው፤ የተረፈውም መረረ። በንዴት ውሃ ማጠጣቱን ተውኩ፤ መንቀሉንም ሰነፍኩ። የገና ዋዜማ ቆሻሻ ልጥል ስወጣ ከበረዶው ሥር አንድ ጥቁር አረንጓዴ ነገር አየሁ። በጓንቴ ጠረግ ጠረግ አደረግሁት፤ ያ የረገምኩት ጎመን ነው፣ ቅጠሉ የሰው ፊት ያህላል። አክስትሽ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት ሠራችው። አንድ ጉርሻ በልቼ «ስኳር ጨመርሽበት እንዴ?» አልኳት። እሷ ደግሞ ከገበያ የመጣ መስሏት «ከየት ገዛኸው?» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርዱን መሳደብ አቆምኩ።

«ኦርጋኒክ ብቻ ነው የምፈልገው» ብለሻል፤ ጥሩ። እኛ ስናድግ ቃሉንም አናውቀውም። እናቴ ማዳበሪያ ያልገዛችው ገንዘብ ስላልነበራት ነው፤ የነበራት ፍግ፣ አመድና ጊዜ ነው። አንቺ ጊዜው የለሽም፤ የሌሊት ፈረቃ ገብተሽ ጠዋት ነው የምትተኚው። ስለዚህ ጊዜ ያለውን፣ ሳይጠሩት የሚመጣውን፣ ጠላም የማይጠይቀውን ብርድ ለደቦ ጥሪውና ሥራው ላይ አሰማሪው።

1. ቅጠሉን መንገድ ዳር አታውጪ።

አገር ቤት ኅዳር 12 ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ጭስ ነበር። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የበረታው ወረርሽኝ፣ ፈረንጆቹ የስፔን ጉንፋን የሚሉት፣ ሕዝቡን ከፈጀ ወዲህ ነው «ኅዳር ሲታጠን» እየተባለ ጥራጊው ተሰብስቦ የሚነደው። ልጅ ሆኜ ክብሪቱን የምጭረው እኔ ነበርኩ፤ እስከ ዛሬም የደረቀ ቅጠል ክምር ሳይ እጄን ይበላኛል። ታገሺው። የሚነደውም ሆነ ከተማው መጥቶ የሚጭነው ቅጠል የሚቀጥለው ዓመት አፈርሽ ነው። ያ ኦክ ዛፍ ከጥልቅ ሥሩ የሳበውን ማዕድን በየዓመቱ በነጻ አምጥቶ ደጅሽ ላይ እየደፋልሽ፣ አንቺ አውጥተሽ ጥለሽ ከመደብር በከረጢት ኮምፖስት ልትገዢ ነው?

በሣር ማጨጃው ሁለት ሦስት ጊዜ ሂጂበትና ይከታተፍ። ሳይከተፍ ከተውሽው የኦክ ቅጠል እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ሰሌን ይሆናል፤ ውሃም አያሳልፍ። የተከተፈውን መደብ ልታደርጊ ባሰብሽው ቦታ ላይ ሁለት ጋት ያህል አልብሺው። ሣሩን መንቀል አያስፈልግሽም። መጀመሪያ ጽሕፈቱ ጥቁር የሆነ ካርቶን፣ የፕላስተሩን ላስቲክ ልጠሽ፣ በሣሩ ላይ አንጥፊ፤ በውሃ አርሺው፤ ከዚያ ቅጠሉን ከላይ። ሣሩ ብርሃን አጥቶ ይሞታል፣ የመሬት ትሎቹ ደግሞ ካርቶኑን ሳይቀር ይበሉታል። ስትተኚ ቆፍረው ይጨርሱልሻል።

ቅጠሉ ካነሰሽ ከጎረቤት ለምኚ። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት የጎረቤቴን በር አንኳኩቼ «ቅጠልዎን ልውሰደው?» ብላቸው፣ ሽማግሌው ትንሽ አይተውኝ «ስንት ታስከፍለኛለህ?» አሉኝ። ዛሬ ራሳቸው በጋሪ ያመጡልኛል። ሣራቸው ላይ የአረም መድኃኒት የሚያስረጩ ከሆነ ግን ከሣሩ ጋር የተቀላቀለውን አትቀበዪ። ከጥቁር ዋልነት ዛፍ ሥር የተሰበሰበውንም እንዲሁ፤ ዛፉ ጁግሎን የሚባል ነገር ስላለው ቲማቲምንና ቃሪያን ያጠወልጋል።

የቀረውን ቅጠል ጥግ ላይ ቁመቱም ወርዱም አንድ ሜትር በሚሆን የሽቦ አጥር ውስጥ ከምሪውና የኩሽናሽን ጥራጊ በመሃሉ ቅበሪ። ሐበሻ ቤት ለኮምፖስት የተፈጠረ ነው፤ አንድ ዶሮ ወጥ ሲሠራ የሚወጣውን የሽንኩርት ልጣጭ አስቢው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለሽ ስትጨርሺ አተላውም እዚያው ይደፋ። ልኩ ሦስት እጅ ቅጠል ለአንድ እጅ ጥራጊ ነው። ሥጋና ቅባት አይግባ፤ አይጥ ይጠራል። ጃንዋሪ ላይ ክምሩ ይቀዘቅዛል፣ የቆመ ይመስላል፤ አትደንግጪ። በረዶ ሲሆንና ሲቀልጥ ጥራጊው እየተሰነጠቀ ነው፤ ማርች ላይ ሙቀቱ ሲመለስ በአንድ ጊዜ ይንኮታኮታል።

2. አፈሩን ሳታስመረምሪ ከቅጠሉ በቀር ምንም አትጨምሪበት።

እዚህ ቨርጂኒያ የእርሻ ምክር የሚሰጠው የካውንቲሽ የኤክስቴንሽን ቢሮ ትንሽ ሳጥንና ፎርም ይሰጥሻል። ከጓሮው ከስምንት ወይም ከአሥር ቦታ፣ ስንዝር አይሞላም፣ ወደ ታች እየቆፈርሽ ጥቂት ጥቂት አፈር ውሰጂ፤ በንጹሕ ባልዲ አዋሕጂው፤ ጋዜጣ ላይ አስጥተሽ ሲደርቅ ሳጥኑን ሞልተሽ ወደ ቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ላኪው። አሁን ከላክሽው ወረፋው አጭር ነው፤ ማርች ላይ አገሩ ሁሉ ይልካል።

መጀመሪያ የምታዪው ፒኤች የሚለውን ነው። አትክልት የሚወደው ከ6 እስከ 6.8 ባለው ነው፤ የዚህ አገር ቀይ ሸክላ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በታች ወርዶ አሲዳማ ይሆናል። ጎጃምና ወለጋ ገበሬው ማሳው ላይ ኖራ የሚበትነው ለዚሁ ነው። ኖራ እስኪሠራ ወራት ይፈጅበታል። ውጤቱ እንደመጣ ከበተንሽው ዝናቡና በረዶው ይዘውት ይወርዳሉ፤ ኤፕሪል ላይ ብትበትኚው ግን ለዘንድሮ ተክል አይደርስም።

የበተንሽው ልኩን አውቀሽ ይሁን። እኔ እናቴን አስታውሼ ክረምቱን ሙሉ የምድጃዬን አመድ አንድ መደብ ላይ ደፋሁ። ለአፈሩ ውለታ የዋልኩለት መስሎኝ። በዓመቱ ባስመረምረው ከ7.5 በላይ ወጥቷል፤ ቲማቲሙ በደም ሥሩ መካከል ቢጫ እየሆነ ቀረ። አመድ እንደ ኖራ ነው፤ እናቴ የምትበትነው በእፍኝ ነበር፣ እኔ በባልዲ።

ሌላው ነገር እርሳስ ነው። ቤትሽ በፈረንጆቹ 1961 የተሠራ ነው ብለሽኛል። በዚህ አገር ለመኖሪያ ቤት እርሳስ ያለው ቀለም የተከለከለው በፈረንጆቹ 1978 ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባ ግድግዳ ሲላጥ ቅርፍቱ የሚወድቀው እግሩ ሥር ነው። ተራው ምርመራ እርሳስን አያሳይም፤ ለብቻው አስመርምሪ። ውጤቱ እስኪመጣ ከግድግዳው ራቂ። ልጅ ስትወልጂ ያንን አፈር የሚልሰው እሱ ነው።

ስትረግጪም ተጠንቀቂ። ሸክላ ሲርስ ከተረገጠ ሲደርቅ ጡብ ነው። አንድ እፍኝ ጨብጪና አውራ ጣትሽን ጫን አድርጊበት፤ ከተፈረፈረ ግቢ፣ እንደ ምጣድ ጭቃ ከተድቦለቦለ ዞር በይ። የቆፈርሽው ጓል ካለም አትሰባብሪው። በየሌሊቱ ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ያብጣል፣ ቀን ይቀልጣል፤ ፌብሯሪ ሲያልቅ በእጅ ብትነኪው እንደ ቆሎ ይበተናል።

3. ነጭ ሽንኩርቱን በዚህ ሳምንት ቅበሪው።

አንድ ነገር ብቻ ልትሠሪ ካለሽ ይህን ሥሪ። የነጭ ሽንኩርት ፍንካች ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ብርድ ካልተኛበት ራሱ አይከፋፈልም። እኔ በኤፕሪል ተክዬ በጁላይ ስነቅለው አንድ ድቡልቡል ነገር ወጣልኝ፤ ቀይ ሽንኩርት ይመስላል፣ ፍንካች የለውም። ብርዱ ነው የሚከፍለው።

ለዘር የተሸጠ ግዢ። ከሱፐርማርኬት የሚገዛው አንዳንዱ እንዳይበቅል የተደረገ ነው፤ አንዳንዱም ከሞቃት አገር የመጣ ነው። ራሱን በእጅሽ ፈልቅቂው፣ ትልልቁን ለዘር፣ ትንንሹን ለወጥ። አትላጪው። ሹሉ ወደ ላይ፣ ሥሩ ወደ ታች፣ ሦስት ጣት ጥልቀት፣ በየሁለት ጋቱ አንድ። ከላይ ቅጠል አልብሺው። ዲሴምበር ላይ አረንጓዴ ጫፉ ብቅ ቢል ብርድ ገደለው ብለሽ አታልቅሺ፤ አይሞትም። የሚነቀለው ጁን መጨረሻ ወይም ጁላይ መግቢያ ላይ፣ የታችኞቹ ቅጠሎች ሲደርቁ ነው።

4. ጎመን የብርድ ልጅ ነው።

ዘንድሮ አንቺ ጋ የለም፤ የእኔን መጥተሽ ቅጠፊ። ለከርሞ ግን ዘሩን ጁላይ መጨረሻ ላይ አፍዪ፣ ኦገስት መጨረሻ ችግኙን አዛውሪ። ትሉም፣ ክሽክሹም ብርድ ሲገባ ያልቃሉ። በጋ ላይ ኦርጋኒክ ጎመን አለማለሁ ያለ ሰው ጠዋትና ማታ ትል ሲለቅም ይውላል፤ በክረምት የሚለቅምልሽ ውርጭ ነው።

ጣፋጭነቱም ምሥጢር የለውም። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ እንዳይሆንበት ተክሉ ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጠዋል፤ ስኳር ያለው ውሃ ቶሎ አይረጋም። ተክሉ ነፍሱን ሊያድን ብሎ የሠራውን እኛ እንበላዋለን። ደግሞ ጊዜውን ተመልከቺ፤ ጾመ ነቢያት ከኅዳር አጋማሽ እስከ ገና ነው፣ ጎመኑ የሚጣፍጠውም ልክ በዚያ ነው።

ኮላርድ ከዜሮ በታች ሰባት ስምንት ዲግሪ ቢወርድ ይቋቋማል። ከዚያ የባሰ ሌሊት ከመጣ የሽቦ ቀስት ተክለሽ ስስ ነጭ የአትክልት ጨርቅ አልብሺው፤ ላስቲክ ቅጠሉን ከነካው ያቃጥለዋል። ጠዋት ቅጠሉ ደርቆ እንደ ብርጭቆ ሲሆን አትንኪው፤ ከተሰበረ አይድንም። እስከ ቀትር ጠብቂው፣ ራሱ ቀና ይላል። ከታች ያሉትን ቅጠፊ፣ እምብርቱን ተዪለት።

እግረ መንገዴን፦ እዚህ ምግብ ቤቱ ሁሉ ጎመን ብሎ የሚያቀርብልሽ ኮላርድ ከጥቅል ጎመን ጋር አንድ ዘር ነው። የእኛው የሐበሻ ጎመን ሌላ ነው፤ ሳይንሱ ካሪናታ ይለዋል፣ የጥንቱ የጎመን ዘርና ጥቁር ሰናፍጭ ተዳቅለው በእኛ ደጋ የተገኘ። በዚህ አገር ደቡብ ክፍል ፍሎሪዳና ጆርጂያ ላይ ገበሬው የክረምት ሰብል አድርጎ ዘርቶታል፤ ለመብል አይምሰልሽ፣ ከዘሩ ዘይት የአውሮፕላን ነዳጅ ይሠራል። በፈረንጆቹ 2012 ካናዳ ውስጥ አንድ ጄት በዚያ ነዳጅ ብቻ በርሯል። ታክሲ ስነዳ ለደንበኞቼ ስነግራቸው የሚያምነኝ አልነበረም። «ጎመን በጤና» የሚለው ተረት ይህን አያውቅም።

5. የተራቆተ አፈር አይደር።

አገር ቤት ገበሬው ስንዴ ያነሣበት መሬት ላይ በተራው ባቄላ የሚዘራው አፈሩ እንዲያገግም ነው። እዚህም ቪች፣ ቀይ ክሎቨርና አጃ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ይዘራሉ፤ ሥራቸው አፈሩን ይይዛል፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናይትሮጅንም ይጨምራሉ። ዘንድሮ አምልጦሻል፤ ቅጠል አልብሺውና እለፊው።

6. ፋንድያ ስታመጪ ፈረሱ ምን እንደበላ ጠይቂ።

ይህን በእልህ ነው የምነግርሽ። ቨርጂኒያ የፈረስ አገር ነው፤ የጋጣ ባለቤቶች ፋንድያ የሚወስድላቸው ሰው ሲያገኙ ጭነው ይሰጡሻል። እኔም ከአንድ ጋጣ አንድ ሙሉ ፒካፕ አመጣሁ። ጥቁር፣ የበሰበሰ፣ ሽታው እንኳ የማያስቀይም። ሦስት መደብ ላይ በተንኩት። ጁን ላይ ቲማቲሙ ጫፉን እንደ ጠንበለል ጠቀለለው፤ ባቄላው ቅጠሉ ተሸብሽቦ እንደ ሲኒ ጎደጎደ። በሽታ መስሎኝ ነቀልኩ፣ ደግሜ ተከልኩ፣ ያም ተጠቀለለ። የኤክስቴንሽኑ ሰው አንዱን ቅጠል አየና «ድርቆሹ ምን ተረጭቶ ነበር?» አለኝ። ለካ የግጦሽ መሬት ላይ የሚረጭ፣ አሚኖፒራሊድ የሚባል የአረም መድኃኒት አለ፤ ሣሩን አይነካም፣ ፈረሱንም አይነካም፣ በሆዱ አልፎ በፋንድያው ይወጣል፣ ኮምፖስት ውስጥም ቶሎ አይጠፋም። ጋጣውን ብጠይቅ ድርቆሹን ከሌላ ነው የምንገዛው አሉ። ሦስቱ መደቦች ሁለት ዓመት በቆሎ ብቻ ተዘራባቸው፤ በቆሎ የሣር ወገን ስለሆነ አይጎዳም።

ስለዚህ በክረምት ሞክሪው፣ ጊዜ አለሽ። ፋንድያውን ከመደብር በገዛሽው የተክል አፈር ግማሽ በግማሽ አዋሕደሽ ሦስት ጣሳ ሙዪ፤ ሦስት ጣሳ ደግሞ አፈሩን ብቻ። በሁሉም ላይ የሾርባ ባቄላ ዝሪና መስኮት ላይ አስቀምጪ። ሦስት ሳምንት በቂ ነው። የፋንድያው ባቄላ ከተጠቀለለ ለጋጣው መልሺለት።

ንጹሕ ሆኖ ካገኘሽውም ጥሬውን ፍግ በዚሁ ክረምት ነው የምትበትኚው። የዚህ አገር የኦርጋኒክ ሕግ ያልበሰለ ፍግ አፈር ከሚነካ ምርት መልቀሚያ ቢያንስ 120 ቀን በፊት አፈሩ ውስጥ ይግባ ይላል፤ ከአፈር ከፍ ብሎ ለሚያፈራ 90 ቀን። አንቺ ባትሸጪም ሆድሽ አንድ ነው። የጃንዋሪ መጀመሪያው ፍግ ለሜይ ሰላጣ ደረሰ ማለት ነው። የኤፕሪሉ ግን አልደረሰም።

7. በረዶው መጀመሪያ የቀለጠበትን ቦታ ምልክት አድርጊ።

አንድ ጠዋት ከሥራ ስትመለሺ፣ ሳትተኚ፣ ቡናሽን ይዘሽ በኋላ በር ብቅ በይ። በረዶው ከሁሉ ቀድሞ የለቀቀው መሬት የጓሮሽ ሙቅ ቦታ ነው፤ እዚያ እንጨት ትከዪበት። የማርች ሰላጣና አተር የሚወርደው እዚያ ነው። መጨረሻ የቀረው ደግሞ የጎረቤት ቤት ጥላ ነው፤ ኮምፖስቱን ወደዚያ ውሰጂ። በፎቶ ያዢው እንጂ አስታውሳለሁ አትበይ። ከመኪና መንገዱ የምትጠርጊውን ጨው የነካው በረዶም መደብ ላይ አትድፊ።

8. ዘርሽን በእጅሽ ሳትፈትኚ አትመኚው።

ከየሰዉ የተሰጠሽ ዘር ካለ አሥሩን ቁጠሪ፣ እርጥብ ሶፍት ላይ ደርድሪ፣ ጠቅልለሽ ላስቲክ ውስጥ ክተቺና ፍሪጅ ላይ አስቀምጪው። በአሥር ቀን ሰባቱ ከበቀሉ ዝሪው። ሦስቱ ከሆነ ጣይው። የሽንኩርት ዘር ከዓመት በላይ አይታመንም፤ የጎመንና የቲማቲም ዘር አራት ዓመት ይቆያል።

አዲስ አበባ ለገና የምትሄጂ ከሆነ ደግሞ፣ አውቅሻለሁ፣ በመሃረብ ቋጥረሽ የጎመን ዘር ልታመጪ ነው። የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት ከሌለው ማስገባት አይፈቀድም፤ ደብቀሽ ብትገኚ ይቀጡሻል። እዚሁ ዘሩን እያባዙ የሚያኖሩ እናቶች አሉ፤ ከቅዳሴ በኋላ ጠይቂያቸው፣ ምስጋናውን አይወዱም እንጂ ዘሩን አይነፍጉም።

ችግኝ ማፍያ መብራት አትግዢ፣ ቢያንስ ለጎመን፣ ለሰላጣና ለድንብላል። ከጥምቀት በኋላ ብርሃን የሚያሳልፍ የአንድ ጋሎን የውሃ ወይም የወተት ዕቃ ውሰጂ። ወገቡ ላይ ዙሪያውን ቁረጪው፣ እንደ ክዳን እንዲከፈት አንድ ጎኑን ሳትቆርጪ ተዪ። ሥሩን በስተሽ አራት አምስት ቀዳዳ አድርጊ። ሁለት ጋት የማይሞላ የተክል አፈር ጨምሪ፣ አርሺው፣ ዘሩን በትኚ፣ በፕላስተር ዝጊው፣ ቡሹን ግን ጣዪው፣ በእሱ ዝናብና በረዶ ይገባል። ከዚያ ውጪ አውጥተሽ ተዪው። በረዶ ቢቀብረውም አትንኪው። ዘሩ የሚበቅልበትን ቀን ከእኔም ከአንቺም የተሻለ ብርዱ ያውቃል፤ ማርች ላይ አንድ ቀን ስታዪ ውስጡ አረንጓዴ ሆኗል። ቤት ውስጥ የበቀለ ችግኝ ፀሐይ ሲያየው ይወድቃል፤ ይህኛው ተወልዶ ያደገው ውርጭ ላይ ነው።

ቃሪያ ከዚህ ሕግ ውጪ ነው። ብርድ አይወድም፣ ለደቦም አይመጣም። የዓድዋ ዕለት ቤት ውስጥ ዝሪው፣ ፍሪጅ ላይ ወይም ማሞቂያ አጠገብ፤ ውጪ የሚወጣው ሜይ አጋማሽ ላይ ነው።

9. ሁሉንም አታጽጂ።

የቀድሞዎቹ ሰዎች ጥለውት የሄዱት ቲማቲም ግን ዛሬውኑ ይነቀል፤ ቅጠሉ ላይ ያለው ጥቁር ነጠብጣብ የበሽታ ነው፣ ኮምፖስት ውስጥም አይግባ፣ ከቆሻሻው ጋር ይሂድ። የአበባዎቹን ደረቅ አገዳ ግን ተዪው። ባዶ አገዳ ውስጥ የሚከርሙ ትንንሽ ንቦች አሉ፤ ሜይ ላይ አበባሽን የሚጎበኙት እነሱ ናቸው። ጎረቤት ጓሮሽ አልተጠረገም ቢልሽ ፈገግ በይለት።

10. ጤና አዳሟን አስገቢያት።

ማሰሮ ውስጥ ያለችውን። የእኛዋ ጤና አዳም እዚህ መደብር «ሩ» ተብላ ከምትሸጠው ይልቅ ብርድ ትፈራለች፤ ኮሰረትም እንዲሁ። ብዙ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት፣ ውሃ አፈሩ ሲደርቅ ብቻ። በሶብላው የመጀመሪያው ውርጭ ቀን ሞቷል፤ እሱን ተዪው፣ ዘሩን አራግፈሽ ያዢ።

የኮክ ዛፍ እተክላለሁ ስላልሽው፣ የመግረዙን ነገር ፌብሯሪ መጨረሻ መቀሱን ይዤ መጥቼ አሳይሻለሁ፤ በጽሑፍ አይሆንም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ። የጎረቤቴን ቅጠል ስድስት ከረጢት ጭኛለሁ፣ አክስትሽ ደግሞ ጎመን ቀንጥሳ አስቀምጣልሻለች። አንቺ ካርቶን ሰብስቢ፤ ቤት ስትገቢ የመጣው የፍሪጁ ካርቶን ካለ እንዳትጥዪው፣ አንድ ሙሉ መደብ ያለብሳል። ነጭ ሽንኩርቱን ግን እኔ እስክመጣ አትፈልቅቂው፤ ቀድሞ ከተፈለቀቀ ሥሩ ይደርቃል።